ከደመኛዬ ጋር በአንድ አውሮፕላን

ይህን ያጋጠመኝን ነገር የሰማ ሁሉ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ፣ «ይቅር ብለሽ ነዋ! ተባረኪ» ይለኛል። ገና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ይቅር አላልኩም። አንጀት የሚያርስ ታሪክ የፈለገ ሌላ ጋ ይፈልግ። እኔ የማወራው እየጠላሁ ስላደረግኩት ነገር ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ጣሊያን ወጥቶ፣ አገር ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት መክፈት የጀመረበት ጊዜ። እኔ መቱ ተወልጄ፣ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ የአዋላጅ ነርስነት ትምህርት ልማር ቤይሩት ተልኬ ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ሞቷል። እናታችን ሦስት ልጆች አሳድጋለች። ታላቃችን ደጀኔ ነው፣ ቀጥዬ እኔ ብርቄ፣ ታናሻችን ደግሞ ለማ። ያዮ ጫካ ውስጥ ከአባታችን የወረስነው የቡና መሬት ነበረን፤ በየዓመቱ ወርዶ የሚያስለቅመው ደጀኔ ነበር። እኔ ለጉዞ በተዘጋጀሁበት ዓመት፣ በለቀማ ጊዜ፣ ሻፊ ከሚባል የጎረቤት ባለመሬት ልጅ ጋር በድንበር ተጣሉ። ሻፊ ወንድሜን በገጀራ ገደለው። ያንኑ ዕለት ጠፋና በጋምቤላ በኩል ሱዳን ገባ ተባለ።

ሽማግሌዎች ለጉማ መጡ። ጉማ ማለት በእኛ አገር የገዳይ ወገን ካሳ ከፍሎ፣ ደሙ ታጥቦ፣ ሁለቱ ቤተሰብ የሚታረቅበት ሥርዓት ነው። እናቴ ከደጃፍ መለሰቻቸው። «ልጄን በከብት አልሸጥም» አለቻቸው። እኔም አጠገቧ ቆሜያለሁ፤ ልክ ናት ብዬ። ዛሬም ልክ ነበረች እላለሁ።

እንዲህ እንደ ፍም እየጋልኩ ሄጄ፣ ትምህርቴን ጨርሼ እንዲሁ እየጋልኩ ነው የተመለስኩት። ከቤይሩት ካይሮ፣ ከካይሮ አሥመራ። አሥመራ ላይ አውሮፕላኑ ከጅዳ በመጡ ሐጃጆች ሞላ። ሁሉም ነጭ ለብሰዋል፣ ሁሉም ደክመዋል፣ ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። ራሳቸውን የተላጩ አንድ ቀጭን ሽማግሌ መጥተው ከአጠገቤ ተቀመጡ። በጨርቅ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ታቅፈዋል።

«ዘምዘም ነው» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «የመካ ውኃ። ለአገር ሰው።»

ቀበቷቸውን ማሰር አቃታቸውና ጎንበስ ብዬ አሰርኩላቸው። መረቁኝ። አማርኛቸው የእኛ አገር አማርኛ ነው፤ በመካከሉ ኦሮምኛ ጣል ጣል ያደርጉበታል። ባዕድ አገር ከርሜ ያንን አነጋገር ስሰማ፣ አልዋሽም፣ ሆዴ ባባ። ከኪሳቸው ተምር አውጥተው አንዱን በእጄ ላይ አኖሩልኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወዴት ነሽ?»

«መቱ።»

«መቱ!» ፊታቸው በራ። «እኔ የያዮ ነኝ። እሰይ! በመንገዴ የአገሬን ልጅ ሰጠኝ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የባላምባራስ ወልዴ።»

ተምሩን ወደ አፌ ላደርስ ስል ዓይናቸውን አየሁት። ደስታው ተሟጦ አለቀ።

«ደጀኔ...» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እህቱ ነኝ። እርስዎስ ማን ነዎት?»

ኩታቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። መልስም አላስፈለገኝ። ጎሬ ፍርድ ቤት አንድ ቀን ከሩቅ አይቻቸው ነበር፤ ያኔ ወፍራም፣ ጥምጣማቸው ትልቅ፣ በቅሏቸው ያማረ ሰው ነበሩ። ሐጂ አባ ነጋ ናቸው። የሻፊ አባት።

እዚህ ላይ የአገራችንን ወግ ለማያውቅ ልናገር። ጉማ ሳይፈጸም የገዳይ ወገን የሟችን ወገን መንገድ ላይ ካገኘ መንገዱን ይለቃል። ጫካ ገብቶ ፊቱን አዙሮ እስኪያልፉ ይቆማል። ደመኛና ደመኛ በቀጥታ አይነጋገሩም። አብረው አይበሉም፣ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም። ከሟች ወገን የእናት ልጅ የሆነ አንድ ሰው እንኳ፣ በምስክር ፊት፣ ከገዳይ ወገን እጅ ከበላ ወይም ከጠጣ ደሙ ደረቀ ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚገድል ሰው ደም መላሽ ሳይሆን ተራ ነፍሰ ገዳይ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ እናትና አባት ሳይፈቅዱ፣ ይህን የሚያደርግ ሰው አይገኝም።

ሐጂው ወጋቸውን ያውቃሉ። አውሮፕላኑ ገና ከመሬት መላቀቁ ነበር፤ ቀበቷቸውን ጎትተው ብድግ አሉና «አውርዱኝ!» አሉ።

ሆስተሷ እየሮጠች መጣች። «አባባ፣ ይቀመጡ! ይወድቃሉ!»

«መንገዱን ልልቀቅላት!»

«የምን መንገድ?»

«አብረን መሄድ አንችልም። እኔ ነኝ መልቀቅ ያለብኝ።»

«አባባ፣ ሰማይ ላይ እኮ ነን!»

ሰው ሳቀ። አንዱማ «ደመናው ዳር ያውርዷቸው» ብሎ ቀለደ። እኔ አልሳቅኩም። ሽማግሌው ቆርቆሯቸውን አቅፈው ወደ ኋላ ሄዱና መጸዳጃው በር አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፍነው። ሆስተሷ ብትለምን ብትቆጣ አልተነሡም። እስከ አዲስ አበባ እዚያው ነበሩ። እኔ ተምሩን የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ጣልኩና ጣቶቼን በመሐረብ ጠረግሁ። ያንን ቀበቶ ያሰርኩበትን እጄን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጎሬ የሚሄደው አውሮፕላን ዘንድ ስደርስ ቆመው አገኘኋቸው። ሌላ አውሮፕላን የለም፤ ያኔ ወደ እኛ አገር የሚበረው በሳምንት አንዴ ነው። ሁለት ሞተር ያለው አሮጌ ዕቃ ጫኝ ነው፤ መቀመጫው በግራና በቀኝ የተዘረጋ አግዳሚ ሆኖ መካከሉ ላይ የጨው ጆንያና የጨርቅ ጥቅል ይከመርበታል። ሰው ፊት ለፊት እየተያየ ነው የሚሄደው። ሐጂው ጥግ ይዘው ነበር፤ ጫኞቹ ለሚዛን ብለው አንሥተው መካከል አስቀመጧቸው። ከፊት ለፊቴ። በመካከላችን ያለው የጨው ጆንያ ብቻ ነው። ኩታቸውን ራሳቸው ላይ ጣሉ። እኔ ግን አልተሸፈንኩም። የምሸፈነው ምን አድርጌ ነው? እስከ ጅማ ድረስ ያንን ኩታ ሳፈጥበት ሄድኩ።

ጅማ ላይ ጋሼ ተሰማ ተሳፈሩ። የመቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የቤታችን ጎረቤት፤ የልብስ ስፌት መኪናቸውን ሊያሠሩ ጅማ ሰንብተዋል። እኔን አይተው ደስ አላቸው፣ ኩታውን አይተው አማተቡ። ከአጠገቤ ተቀመጡ።

«ብርቄ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። ከእኚህ ሰውዬ ጋር ነው የመጣሽው?»

«ከአሥመራ ጀምሮ።»

ጋሼ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለማ ጎሬ ነው።»

«ሊቀበለኝ?»

«አንቺንም ይቀበላል።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «የአባታችሁን ጠመንጃ ይዞ ነው የሄደው። ሐጂው በዚህ አውሮፕላን እንደሚመለሱ ያዮ ሁሉ ያውቃል፤ ድግስ ተደግሷል። እናትሽ መርቃ ሸኝታዋለች። እኔ ከመቱ ስወጣ በየጠጅ ቤቱ የሚወራው ይኸው ነበር።»

ደስ አለኝ። ይህንን መደበቅ አልፈልግም። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሌለሁበት ያ ትንሹ ለማ፣ ልብሱን እኔ ያጠብኩለት፣ ወንድ ሆነ አልኩ። ከፊቴ ያለውን ኩታ ዳግመኛ ሳየው የሬሳ መከናነቢያ መሰለኝ።

ጋሼ ተሰማ ፊቴን አነበቡት። «ሳቂ፣ ሳቂ። አምና አንድ የቡሬ ገበሬ እንዲሁ ደም መለሰ። ጎሬ ገበያ ላይ በሰው ፊት ሰቀሉት። አንቺ አልነበርሽም፣ እኔ ነበርኩ። ተንጠልጥሎ ሲዞር ጫማው ወልቆ ወደቀ። እናቱ ጫማውን አንሥታ ልታጠልቅለት ስትዘል ነበር። አሁን ሕጉ እንደ ድሮው አይደለም ብርቄ። ለማም ይሰቀላል። ከዚያ እናትሽን ማን ይቀብራታል? አንቺ?»

ደስታዬ እንደ ጉም በነነ ብል አይበቃም።  ደጀኔን አጥተናል። አሁን ደግሞ ለማ በገመድ። ሁለቱም በእኚህ ሰውዬ ቤት ሰበብ!

«ጋሼ ተሰማ፣ ይበሏቸው፤ እዚህ ጅማ ይውረዱ።»

ጋሼ ተሰማ ወደ ጆንያው ዘንበል አሉ። «ሐጂ፣ ጅማ ይውረዱ ትላለች። ጎሬ ላይ ወንድሟ ይጠብቅዎታል። ገብቶዎታል?»

ከኩታው ሥር ድምፅ መጣ። «ገብቶኛል። ንገራት፤ ቤቴ ያዮ ነው፣ ጅማ አይደለም።»

«ቤትዎ ያዮ ነው፣ ጅማ አይደለም ይላሉ» አሉኝ ጋሼ ተሰማ፣ እንዳልሰማሁ።

«ይበሏቸው፤ ይገድልዎታል!»

«ሐጂ፣ ይገድልዎታል ትላለች።»

«ሞት ከአላህ ነው በላት።»

«ሞት ከአላህ ነው ይላሉ።»

«ሰማሁ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ሞተሩ ተነሣና የቀረውን ዋጠው።

ወደ ፓይለቱ ሄድኩ። ፈረንጅ ነው፣ ጢሙ ቢጫ። በምችለው እንግሊዝኛ፣ ይህን ሽማግሌ ጎሬ ካወረድክ ይገደላል፣ ጅማ ተወው አልኩት። ቲኬቱ ጎሬ ነው የሚለው አለኝ። ሰውዬው ራሱ መውረድ ከፈለገ ይውረድ፤ እኔ የምፈራው ጉሙን ነው አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ተቀመጥኩ። በረርን።

የፈራው አልቀረም። ጎሬ ስንደርስ ኢሉባቦር በጉም ተሸፍኗል። ክረምት ነው፤ ጫካው፣ ሸንተረሩ፣ ሜዳው፣ ሁሉም ነጭ። አውሮፕላኑ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ዝቅ ብሎ የዛፍ ጫፍ ሲያይ ተወርውሮ ወጣ። የእናትህ አምላክ ይርዳህ ይለዋል ሰው ፓይለቱን፤ ዶሮ የያዘች አንዲት ሴትዮ ትጮኻለች። ሁሉም ጉሙ እንዲገለጥ ይጸልያል። እኔ ብቻ አትግለጠው፣ አትግለጠው እላለሁ። ከታች ወንድሜ ሽቅብ እያየ የሞተሩን ድምፅ እንደሚሰማ አውቃለሁ። በመጨረሻ ፓይለቱ ተወውና ወደ ቆላው፣ ወደ ጋምቤላ ወረደ።

ጋምቤላ እሳት ነው። ሜዳው ላይ ዛፍ የለም፤ ያለው ጥላ የአውሮፕላኑ ክንፍ ጥላ ብቻ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ከክንፉ ሥር ተኮለኮለ። እኔም ተቀመጥኩ። ሐጂው ግን ከእኔ ጋር አንድ ጥላ ላለመጋራት ፀሐይ ላይ ቆሙ። ሰው ቢለምናቸው እንቢ አሉ። ላብ ከተላጨው ራሳቸው ላይ ይንቆረቆራል። ልነሣላቸው እችል ነበር። አልተነሣሁም።

ቆርቆሮውን ግን ለሰዉ ከፍተው ሰጡ። በአንድ ጣሳ እየተቀዳ ዞረ፤ ክርስቲያን እስላም ሳይል ሁሉም ጠጣ። ዶሮ የያዘችው ሴትዮ ጠጥታ ጣሳውን ወደ እኔ ልታቀብል ስትል ጋሼ ተሰማ ክንዷን ያዙ። «ለእሷ አይሆንም» አሏት። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። የሜዳውን ዘበኛ ለምኜ ከበርሜል ሙቅ ውኃ ጠጣሁ።

«ጋሼ ተሰማ፣ እሺ እዚህ ይቅሩ ይበሏቸው። ጋምቤላ ሱቅ ያላቸው የአገራቸው ሰዎች አሉ። ሰንብተው በእግርም በበቅሎም ይምጡ።»

ሐጂው ይህንን ሲሰሙ ዓይናቸውን ከሜዳው አሻግረው ላኩ። ባሮ ወንዝ ወዳለበት አቅጣጫ ነበር የሚያዩት። ከዚያ ለጋሼ ተሰማ በኦሮምኛ ጀመሩና ወደ አማርኛ አዞሩት፤ እንድሰማ ብለው ይሆናል።

«ተሰማ፣ ሻፊ በዚህ ወንዝ ነው የሄደው። መሞቱን አልሰማሁ፣ መኖሩን አልሰማሁ። እናቱ ዓይኗ ጠፋ። እኔ መካ ሄጄ የለመንኩት አንድ ነገር ነው። ደም በደም ይመለሳል አይደለም? የእነሱ ልጅ እኔን ይግደል። ያን ጊዜ ተመለሰ ይባላል። ሻፊም አገሩ ይገባል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ሐጄንም አድርጌያለሁ። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለኝም።»

አሁን ገባኝ። ሰውዬው ያላወቁ፣ ግትር፣ ሞኝ መስለውኝ ነበር። ለካ ሁሉን አስልተው ነው የተሳፈሩት! ራሳቸውን ሰጥተው ልጃቸውን ሊገዙ ነው፤ ሂሳቡን የሚከፍለው ግን የእኔ ወንድም ነው። ወጉን ረሳሁና ተነሣሁ፤ ቢሆንም ዓይኔ ጋሼ ተሰማ ላይ ነው፣ አፌ ወደ እሳቸው።

«ይበሏቸው! እርስዎ ንጹሕ ሆነው ሊሞቱ፣ ገዳይ ልጅዎ ቤቱ ሊገባ፣ የእኔ ወንድም ጎሬ ገበያ ላይ ሊሰቀል! ይህንን ነው መካ ድረስ ሄደው የለመኑት? የእርስዎ ሚስት ዓይኗ ጠፋ፣ የእኔ እናትስ ምኗ ይጥፋ?»

ጋሼ ተሰማ አልተረጎሙም። ማን ያልሰማ ነበር? ሐጂው ከአሥመራ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል።  አላዘንኩላቸውም። አባት ናቸው፣ ያንጀታቸውን ነው የተናገሩት፣ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ግን አላዘንኩም።

ፓይለቱ መጣና «ተከፍቷል፣ እንሂድ» አለ።

ከጋምቤላ ጎሬ ቅርብ ነው፤ ሽቅብ መውጣት ብቻ ነው። ሳስብ ሄድኩ። ለፖሊስ ብነግር የማውቀው የሜዳው ፖሊስ የለማ አብሮ አደግ ነው። እግሩ ላይ ብወድቅ? እናቱ የመረቀችውን ወንድ እህቱ እግሩ ላይ ወድቃ አትመልሰውም። ገና ምንም ሳይመጣልኝ ጎማው መሬት ነካ።

በሩ ሲከፈት የድቤው ድምፅ ገባ። የያዮ ሰው ነጭ ለብሶ፣ መንዙማ እያለ፣ ሜዳውን ከቦ ቆሟል። ዓይኔ ከሰው መካከል ወንድሜን ፈለገ። ከነዳጅ በርሜሎቹ አጠገብ ነበር። ጠጉሩ አድጓል፣ ጢም አውጥቷል። የአባታችንን ረጅም ካፖርት ለብሷል። አይቶኝ ፈገግ አለ፤ ያው የልጅነት ፈገግታው። ከዚያ ዓይኑ በትከሻዬ ላይ አልፎ ከኋላዬ ወዳለው ሰው ሄደ፣ ፈገግታው ጠፋ።

ሐጂው ለጋሼ ተሰማ፣ «እሷ ቀድማ ወርዳ ትራቅ፣ ጥይት እንዳያገኛት» ሲሉ ሰማሁ። «ይህን ውኃ ደግሞ ለያዮ ሰው አድርስልኝ።» ቆርቆሮውን ሊያስረክቧቸው ነው።

ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። መሰላሉን ወረድኩና መጨረሻው ላይ ዞሬ ቆምኩ። ሐጂው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ናቸው፤ ካላለፍኩላቸው መውረድ አይችሉም።

«ሐጂ!» አልኩ። ማንም በመካከላችን የለም፣ ጋሼ ተሰማም የሉ። «ውኃ አጠጡኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ጠማኝ። ከዚያ ቆርቆሮ ይቅዱና በእጅዎ ያጠጡኝ።»

ከፊት ያሉት መንዙማውን አቆሙ፤ ዝምታው ወደ ኋላ እየሄደ ድቤው ላይ ደረሰ። ሐጂው ገባቸው። ቆርቆሮውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ይህ እንዲህ አይሆንም። ሽማግሌ ይቀመጣል። እናትሽ ሳትፈቅድ...»

«እናቴ ትርገመኝ! ይቅዱልኝ ነው የምልዎት!»

ለማ ከበርሜሎቹ ተነሥቶ እየመጣ ነበር። ካፖርቱ ተከፍቷል፤ አፈ ሙዙ ወጥቷል። ሰው ግራና ቀኝ ተከፈለለት። ሐጂው በጣሳው ቀዱ፤ ግማሹ መሰላሉ ላይ ፈሰሰ። ጣሳውን ከእጃቸው ሳልቀበል፣ በእጃቸው እንደያዙት፣ አፌን አስጠጋሁ።

«ብርቄ!» ሲል ሰማሁ ለማ። «ብርቄ፣ ተይ! ተይ፣ አትጠጪ!»

ዓይን ዓይኑን እያየሁ ጠጣሁ። ሙቅ ነበር፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። እስከ መጨረሻው ጠጣሁና አፌን ጠረግሁ።

ከያዮ ሰዎች መካከል አንድ አዛውንት በትራቸውን ወደ ላይ አነሡ። «ዱግዴ! ጠጣች! ዓይናችን አይቷል፣ ምስክር ነን!» አሉ። ሰዉ ተቀበላቸው። «ዱግዴ! ዱግዴ!»

ለማ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ጠመንጃው እጁ ላይ ነው። ሊተኩስ ይችላል፤ ግን አሁን ቢተኩስ ደጀኔን የተበቀለ አይባልም፤ እህቱ የታረቀችውን ሽማግሌ የገደለ ወንበዴ ነው የሚባለው። እናቴም ብትሆን እልል ልትልለት አትችልም። ይህንን ሁሉ በፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁት። 

«የደጀኔን ደም ጠጣሽው» አለኝ።

ጠመንጃውን ካፖርቱ ውስጥ መለሰና በሰው መካከል ሰንጥቆ ወጣ። ስሙን ብጠራው አልዞረም። ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ በእግሩ ሄደ።

ሐጂው መሰላሉ ላይ ቁጭ ብለው ያለቅሱ ነበር። ሊመርቁኝ እጃቸውን ወደ ራሴ ዘረጉ።

«አይንኩኝ» አልኳቸው። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም።»

መቱ የደረስኩት ከጋሼ ተሰማ ጋር በጭነት መኪና ነው። ወሬው ቀድሞናል። እናቴ አጥሩ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን የመለሰችበት ቦታ ላይ። ልብሴንና አልጋ ልብሴን ጠቅልላ ከደጅ አውጥታዋለች።

«በዚያ ሰውዬ ላይ ወንድምሽን ላክሁበት፤ አንቺን አልላክሁሽም» አለችኝ።

«እማዬ፣ ይሰቅሉት ነበር!»

«ይሰቀል። እኔ የሁለት ወንድ እናት እባል ነበር። አሁን ማን ነኝ? ገዳዩን ያስታረቀች ውሻ እናት። ደግሞ በመካ ውኃ!» አማተበች። «ወደዚያ ሂጂ። ልጄን ሁለተኛ ገደልሽው።»

በሩን ዘጋች። ጋሼ ተሰማ ብዙ ለመኑ፤ እሳቸውንም ረገመቻቸው። ስለ ውኃው ቄሱ ንስሐ ሰጥተውኝ ፈጸምኩ። በዚያው በኢሉባቦር ኡካ ላይ ክሊኒክ ተከፍቶ አዋላጅ ይፈለግ ነበርና እዚያ ገባሁ፤ ዕድሜዬንም እዚያው ጨረስኩ። ደሙ ደርቋል ስለተባለ የያዮ ሽማግሌዎች ጉማውን ጨረሱ። ከእኛ ቤት ማንም አልሄደም።

ሻፊም ተመለሰ። አዎን፣ ተመለሰ። መንግሥት ጥቂት ዓመት አስሮ ፈታው። አንድ ቀን መቱ ገበያ ላይ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ጨው ሲገዛ አየሁት። ባገኘው እተፋበታለሁ ብዬ ስዝት ኖሬያለሁ። ምራቅ አጣሁ። እሱም አይቶኝ፣ መንገዱን መልቀቅ እንኳ አላስፈለገውም፤ ታርቀናል አይደል? እኔ ነኝ ዞሬ የሄድኩት። አባቱ ልጃቸውን በሞታቸው ሊገዙ ነበር፤ እኔ በነጻ ሰጠኋቸው።

አሁን እናንተ የምታነቡ ሰዎች ምን ትላላችሁ? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል፤ እኔም አልረሳሁም። በየዓመቱ ደጀኔ በሞተበት ወር ያዮ ጫካ ቡናው ሲቀላ ሆዴ ይቆስላል። ታዲያ ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ካላችሁኝ፣ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ሰው ደግ ነገር የሚያደርገው ልቡ ሲነጻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ልቤን አልጠብቀውም። የጠላሁትን ሰው ሚስት አዋልጃለሁ፤ ፊቴን ሳልፈታ፣ እጄን ግን ሳልሰስት። ሻፊ ሚስቱን ቢያመጣትም አዋልዳት ነበር፤ እሱን ግን ከበሩ ውጭ አቆመው ነበር። ይህ ክርስትና ከሆነ እሰየው። ካልሆነም የእኔ ይኸው ነው።

እናቴ ስትሞት መርዶ የነገረኝ የለም፤ ከገበያ ሰው ሰምቼ ነው የደረስኩት። ጉድጓዱ ዳር ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። ለማ ከወዲያኛው ማዶ ነበር። ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ ልጆቹ በዙሪያው ናቸው። ሲያየኝ ዓይኑን ወደ አፈሩ መለሰ። ሰው መበተን ሲጀምር አንዲት ትንሽ ልጁ ኩታውን ጎትታ፣ «አባዬ፣ ያቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው የምታይህ? ማናት?» ስትለው ሰማሁ።

«ማንም አይደለችም» አላት።

ድምፁ ጎርንኗል፤ ቁርጥ የአባታችንን ሆኗል። ከጎሬው ሜዳ ወዲህ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም፤ ያኔ ገና የጎረምሳ ድምፅ ነበረው። ማንም አይደለችም። ይበለኝ።